ለልምድ ልውውጥ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄዱ፦ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ሪፖርት

ከጥቂት ዓመታት በፊት 30 ሆነን ለልምድ ልውውጥ ወደ አንድ ከተማ ሄድን። ሦስት ቀን ቆየን። አብዛኛውን ሰዓት አዳራሽ ተቀምጠን ገለጻ ሰማን። ባነሩ ፊት ቆመን ፎቶ ተነሳን። መስተንግዶው ጥሩ ነበር፣ አስተናጋጆቻችንም ደግ ሰዎች ነበሩ። ስንመለስ በሰፈራችን ዕድር የማውቃቸው አንዲት እናት "ልጄ፣ ታዲያ ምን ይዛችሁልን መጣችሁ?" ብለው ጠየቁኝ። ሁለት ዐረፍተ ነገር ተናግሬ የምለው አለቀብኝ። እሳቸው አልተቆጡም። "ይሁን እስቲ" ብለው ሻይ ቀዱልኝ። ያ "ይሁን እስቲ" እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ጉዞዎችን በማዘጋጀት ረድቻለሁ። አንዳንዱ ተሳክቷል፣ አንዳንዱ አልተሳካም። ልዩነቱ የተፈጠረው ሁልጊዜ አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት ነው። ይህን የምጽፈው በከንቲባ ጽሕፈት ቤት ለምትሠሩ፣ ለምክር ቤት አባላት፣ ለዕድር ሰብሳቢዎች፣ ለሃይማኖት አባቶች፣ ለሴቶችና ለወጣቶች ማኅበራት ተጠሪዎች ነው። "ቡድን አዘጋጅ" ተብሎ ሥራው ትከሻችሁ ላይ የወደቀባችሁ ሰዎች፣ በተለይ ለእናንተ።

ነገሩ በደፈናው እንዳይሆን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ከደሴ 20 ሰዎች ወደ ድሬዳዋ ሊሄዱ ነው እንበል።

መጀመሪያ ጥያቄውን ጻፉ

ብዙ ጊዜ የሚቀድመው የከተማው ስም ነው። "ሐዋሳ እንሂድ"፣ "ባሕር ዳር እንሂድ" ይባላል። ዓላማው የሚፈለግለት ከዚያ በኋላ ነው። ደብዳቤው ላይም "በከተማ ልማትና መልካም አስተዳደር ዙሪያ ልምድ ለመቅሰም" ተብሎ ይጻፋል። ይህ ሐረግ ምንም አይጠይቅም። ምንም ያልጠየቀ ሰው ደግሞ ምንም መልስ ይዞ አይመለስም።

ገልብጡት። ከተማችሁን እንቅልፍ የሚነሳው ነገር ምንድን ነው? ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ነው ያለችው። የቦርከና ወንዝ መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ክረምት ሲመጣ ከተራራው የሚወርደው ውኃ ያሳስባል። እንግዲህ ይህን ችግር ከእኛ በፊት የቀመሰው ማነው ብላችሁ ጠይቁ።

ድሬዳዋ ቀምሳዋለች። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን መታ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ሺዎች ቤታቸውን አጡ። ደቻቱን ያየ ሰው ይህን ለማመን ይቸገራል። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። ሰው ይሻገረዋል፣ ዳርና ዳሩ ላይ ይነግዳል፣ ይኖራል። ዝናቡ የሚጥለው ደግሞ ላይ፣ ከከተማዋ በስተደቡብ ባለው ደጋ ነው። ከተማ ውስጥ ያለው ሰው ደመናውን ሳያይ ውኃው ይደርሳል። ከዚያ ሌሊት በኋላ በወንዙ ዳር መከላከያ ግንብ ተሠራ። ግንቡን በፎቶም ማየት ይቻላል። ከግንቡ ጀርባ ያለውን ሥራ ግን ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የደሴው ቡድን ጥያቄ ይህን ሊመስል ይችላል፦

"ላይ የዘነበው ዝናብ ከተማ ከመድረሱ በፊት ማን ያየዋል? ለማን ይደውላል? ሌሊት 8 ሰዓት ከሆነ ወንዝ ዳር ያለውን ሰው ማን ይቀሰቅሰዋል? ከወንዙ ዳር የተነሱት ሰዎች የት ገቡ፣ ዛሬስ ኑሯቸው እንዴት ነው?"

ይህ የሚያስኬድ ጥያቄ ነው። ከሦስት ዋና ጥያቄ በላይ አትያዙ። አሥር ጥያቄ የያዘ ቡድን ለአሥሩም ጠርዝ ጠርዙን ሰምቶ ይመለሳል። ሌላም መፈተኛ አለኝ። ጥያቄው በስልክ የሚመለስ ከሆነ ደውሉና ጨርሱት። ገንዘቡ ይቀመጥ። በዓይን ማየትና ከሰው ጋር ፊት ለፊት መቀመጥ የሚጠይቀውን ብቻ ይዛችሁ ተነሱ።

የምትሄዱበት ከተማ ሥልጣን ከእናንተ ጋር ይመሳሰላል ወይ?

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ድሬዳዋ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 የራሷ ቻርተር ያላት አስተዳደር ናት። ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው። ደሴ ግን በአማራ ክልል ሥር ያለች ከተማ ናት። ድሬዳዋ በራሷ ምክር ቤት የምትወስነውን ነገር ደሴ ክልሉን ማስፈቀድ ሊኖርባት ይችላል። ይህን ሳታውቁ ብትሄዱ "እነሱ እኮ እንዲህ አደረጉ፣ እኛ ለምን አልቻልንም?" የሚል ቁጭት ብቻ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ የሕግ ባለሙያ ወይም የምክር ቤት ሰው ሁለት ገጽ ያዘጋጅ። እነሱ በምን ሥልጣንና በየትኛው በጀት ይሠራሉ? እኛስ? ሁሉም የቡድኑ አባል ያንብበው። የማያነቡ አባት ካሉ ደግሞ ይነበብላቸው።

ጊዜውን ምረጡ

ሰኔ ላይ አትሂዱ። ሁላችንም እናውቀዋለን፣ በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ ሰኔ ላይ ጉዞ ይበዛል። አስተናጋጁ ከተማ ደግሞ በዚያው ወር ሒሳብ እየዘጋ ነው። ልታናግሩት የፈለጋችሁት ሰው ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ሆኖ ያናግራችኋል።

ለድሬዳዋ የምመርጠው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ነው። ሙቀቱ ይበርዳል። ውስጡ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። ቁልቢ ለድሬዳዋ ቅርብ ስለሆነ በዚያ ሰሞን የከተማዋ ሆቴሎች ይሞላሉ፣ መንገዱም ይጨናነቃል። ሐምሌ 19ም እንዲሁ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ካላንደር አይነግራችሁም። የአገሩን ሰው ጠይቁ።

ረመዳንንና ዐቢይ ጾምንም ቁጠሩ። በረመዳን መሄድ ክልክል አይደለም። ግን የሚጾም ሰው ፊት ለፊት ምሳ የሚበላ ቡድን መሆን አትፈልጉም። አርብ ቀትር ላይም ስብሰባ አይያዝ፤ ለጁምዓ ሰላት ሰው ይነሳል።

ማን ይሂድ?

ከባዱ ክፍል ይህ ነው። ቦታው የተወሰነ ነው፣ የሚፈልገው ብዙ ነው፣ ይሉኝታም አለ። በእኔ እምነት 20 ሰው ጣሪያ ነው። አንድ ኮስተር ይበቃዋል፣ አንድ ክፍል ውስጥ ክብ ሠርቶ መቀመጥ ይችላል፣ ሁሉም ለመናገር ጊዜ ያገኛል።

ከ20ው ውስጥ ኃላፊዎች ከሩብ አይበልጡ። የቀሩት ሥራው በእጃቸው ያለ ሰዎች ይሁኑ። የውኃ ፍሳሽ መሐንዲስ፣ የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ፣ ሁለት ሦስት የዕድር ሰብሳቢዎች፣ ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም የሚደመጡ አባቶች፣ ከነጋዴው አንድ ሁለት፣ ከሴቶችና ከወጣቶች። የአካባቢው ሬዲዮ ጋዜጠኛም ቢኖር ጥሩ ነው፤ ስትመለሱ ለሕዝብ የሚነግርላችሁ እሱ ነው።

ሁለት ሰዎችን ደግሞ በምንም እንዳትተዉ። አንደኛው ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ነው። ጥያቄው የእሱ ነውና። ኃላፊው የግንቡን ቁመት ሲጠይቅ፣ እሱ "ልጆቻችሁን ሌሊት የት ነበር የምታስተኟቸው?" ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው ነገሩን የሚጠራጠር ሰው ነው። "ይሄ ጉዞ ብር ማባከን ነው" ብሎ በስብሰባ ላይ የተናገረው አባት ወይም እናት ካሉ፣ ጋብዟቸው። ካመኑበት ከተማው ያምናል። ካላመኑ ደግሞ ምክንያታቸው ሪፖርታችሁን ያጠነክረዋል።

ዕድርን የማነሳው ለወግ አይደለም። አደጋ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ጡሩምባ የሚያስነፋው፣ ድንኳኑ ያለው፣ የማን ቤት ውስጥ አልጋ ላይ የዋለ አረጋዊ እንዳለ የሚያውቀው ዕድር ነው። ስለ ማስጠንቀቂያ ልትማሩ ሄዳችሁ ዕድርን እቤት ትታችሁ ከሄዳችሁ ጉዞው ገና ከመነሻው ጎድሏል።

የተመረጠው ሰው ሁሉ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ይፈርም። "ስመለስ ያየሁትን ለእገሌ ዕድር፣ ለእገሌ ማኅበር በዚህ ቀን አቀርባለሁ" የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ለመዝናናት ብቻ የፈለገው ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ራሱ ይቀራል።

ደብዳቤው

ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ይድረስ። በመሸኛ ቁጥር ወጥቶ፣ ማኅተም ኖሮት፣ በእጅ ወይም በኢሜይል ይሂድ። ግን ደብዳቤ ብቻውን አይሠራም። መዝገብ ቤት ገብቶ ይተኛል። በተላከ በሦስተኛው ቀን ደውሉ። "ደብዳቤያችን ማን ጋ ተመራ?" ብላችሁ የሰውየውን ስምና ስልክ ያዙ። ከዚያ በኋላ ሥራችሁ ከዚያ ሰው ጋር ነው።

የደብዳቤው ሐሳብ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፦

"ከተማችን ከተራራ በሚወርድ ጎርፍ ትቸገራለች። እናንተ ከ1998ቱ አደጋ በኋላ የሠራችሁትን ለማየትና ከእናንተ ለመማር 20 ሰዎች ይዘን ለሁለት ቀን ተኩል ልንመጣ አስበናል። ሦስት ጥያቄዎቻችን ከዚህ ጋር ተያይዘዋል። ከጽሕፈት ቤት ገለጻ ይልቅ በመስክ ማየትንና ነዋሪዎችን ማናገርን እንመርጣለን። የሠራላችሁን ብቻ ሳይሆን ያልሠራላችሁንም ብትነግሩን ውለታ ነው። የምግብና የማደሪያ ወጪያችንን እኛው እንሸፍናለን።"

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር በደንብ ያዟት። የእኛ ሰው እንግዳ መጣ ሲባል ለግብዣ ሲል ይበደራል። መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው፣ ከሌለው በጀት ቆርሶ ይደግሳል። አስቀድማችሁ ሸክሙን ካነሳችሁለት፣ ጊዜውን ለድግስ ሳይሆን ለእናንተ ጥያቄ ያውለዋል። አንድ እራት ልጋብዝ ካለ ግን እምቢ አትበሉ። እሱም ክብሩ ነው።

"ያልሠራላችሁን" የምትለዋም ትልቅ ቁልፍ ናት። ሰው ስኬቱን ሳይጠየቅ ይናገራል። ስህተቱን የሚናገረው ግን በአክብሮት ሲጠየቅ፣ ያውም አስቀድሞ ሲያስብበት ነው።

ገንዘብና መንገድ

ከደሴ ድሬዳዋ በአዲስ አበባ በኩል 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ከሆነ ለመሄድ ሁለት ቀን፣ ለመመለስ ሁለት ቀን ያዙ። ሌሊት አትንዱ። የመንገዱን ሁኔታ በመነሻው ቀን ጠዋት ከሚመለከተው አካልም ከሾፌሮችም ጠይቁ። ሰው ከድካም የተነሳ ዓይኑ የማያይ ከሆነ የተረፈው ገንዘብ ትርፍ አይደለም። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያ ድሬዳዋ መብረር ይቻላል። ሁለቱንም አስልታችሁ አወዳድሩ። ስታሰሉ የአራት ቀን አልጋና አበል መንገዱ ላይ እንደሚወጣ አትርሱ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በባቡር መሄድም አለ። የአዲስ አበባው ጣቢያ ለቡ ነው። ባቡሩ የሚነሳበትን ቀን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

አሁን ወደሚያጣላው እንምጣ፣ ወደ ውሎ አበል። የመንግሥት ሠራተኛው አበል አለው። የዕድሩ ሰብሳቢስ? ሼኹ፣ ቄሱ፣ ወንዝ ዳር የሚኖረው ሰውስ? ይህ ሳይወሰን ከተነሳችሁ፣ አንዱ ሆቴል አንዱ ቤርጎ የሚያድርበት፣ አንዱ የሚበላ አንዱ የሚያይበት ጉዞ ይሆናል። ፋይናንስን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። መመሪያው ለማኅበረሰብ ተወካዮች አበል የማይፈቅድ ከሆነ፣ ምግቡንና አልጋውን ቡድኑ በጋራ ይክፈል። ሁሉም አንድ ሆቴል ይደር፣ አንድ ማዕድ ይቅረብ። ይህ ከገንዘብም በላይ ነው። ከንቲባውና የቀበሌው ሰው አብረው ቁርስ ሲበሉ በቢሮ የማይነገረው ይነገራል።

ደረሰኝ የሚሰበስብ አንድ ሰው ብቻ መድቡ። ከመጠባበቂያ ጋር በጀቱን ያዙ። አሥር በመቶ ያህል ለድንገተኛ ነገር ብታስቀምጡ አይከፋም።

መርሐ ግብሩን የከተማው ፀሐይ ይወስነዋል

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ። ከብርዱ አገር የመጣ አረጋዊ ቀትር ላይ አስፋልት ለአስፋልት ማስኬድ ጭካኔ ነው። የድሬ ሰው ራሱ ቀትር ላይ ያርፋል። ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ ከተማው ጭር ይላል፣ ፀሐይዋ ስትበርድ ደግሞ ሕይወቱ ይመለሳል። እናንተም ከአገሩ ጋር እደሩ።

አንድ ቀን እንዲህ ሊሆን ይችላል። ጠዋት 1 ሰዓት ቁርስ። 2 ሰዓት ላይ አስተዳደሩ ጋ ሰላምታ፣ ከግማሽ ሰዓት አይዝለል። ከዚያ ደቻቱን በእግር፣ ከከዚራ ሰፈር ወገን ወደ መጋላ ሰፈር ተሻግሮ እስከ ቀፊራ ገበያ። ወንዙ ከተማዋን እንዴት ለሁለት እንደሚከፍላት በእግር ሲታይ ነው የሚገባው። 5 ሰዓት ተኩል ላይ ጥላ ሥር። ምሳና ዕረፍት እስከ 9 ሰዓት ተኩል። ከዚያ በአነስተኛ ቡድን ከነዋሪዎች ጋር። ማታ 1 ሰዓት ላይ የቡድኑ የራሱ ስብሰባ።

በሁለተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ወደ ደንገጎ አቀበት ውጡ። ጎርፉ የሚነሳበትን ደጋ ሳያዩ ታች ያለውን ግንብ ብቻ አይቶ መመለስ ግማሽ ትምህርት ነው። ላይ ምን እንደተሠራ፣ ምን እንዳልተሠራ፣ ሥራው የማን አስተዳደር እንደሆነ እዚያው ቆማችሁ ጠይቁ። ደሴም የጦሳን ነገር የምታስበው በዚሁ ዓይን ነው።

ሐረር ቅርብ ናት፣ ሰዉም ማየት ይፈልጋል። ይገባዋልም። የጀጎል ግንብ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በዚያው ጎርፉ በመጣበት በሐምሌ 1998 ነው። ግን የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ።

ከመነሳታችሁ በፊት ሁለት ስብሰባ

የመጀመሪያው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ጥያቄዎቹ ይነበባሉ፣ ሰው ይከፋፈላል። ስድስት ሰባት ሰው አንድ ጥያቄ ይያዝ። እያንዳንዱ ቡድን ጸሐፊ ይኑረው።

ሁለተኛው ከመነሻው ሁለት ቀን በፊት ነው። ይህኛው ስለ ኑሮ ነው።

መድኃኒት። የደም ግፊትና የስኳር ታማሚ ካለ ለጉዞው ቀናት የሚበቃ፣ ሁለት ቀን የሚተርፍም ይያዝ። ድሬዳዋ ቆላ ናት። የዴንጊ ወረርሽኝ በ2013 እ.ኤ.አ.፣ የቺኩንጉንያ ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ተከስቶባታል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ቀንም ትነክሳለች፣ ስለዚህ አጎበር ብቻውን አይበቃም። ቀጭን ሆኖ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስና የሚቀባ መከላከያ ያስፈልጋል። ውኃ ደግሞ ሳይጠማ መጠጣት ነው።

ምግብ። ከደሴ የሚነሳ ቡድን ክርስቲያንም ሙስሊምም አለው። ሥጋው የሚለይ ስለሆነ ሆቴሉም አስተናጋጁም ቁጥሩን አስቀድመው ይወቁ። ስንት የክርስቲያን፣ ስንት የሙስሊም፣ ረቡዕና አርብ ስንት ጾመኛ። ይህን ያላሳወቀ አስተባባሪ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሼኽ ዳቦ ብቻ ሲበሉ ያያል። እኔ አይቻለሁ። አፍሬ አላባራሁም።

የአነጋገር ልማድ። ይህ ትንሽ ይመስላል ግን ያስቀይማል። የድሬ ሰው ታላቁንም ታናሹንም "አንተ"፣ "አንቺ" ብሎ ነው የሚጠራው። ንቀት አይደለም፣ ፍቅሩ ነው። ወሎ ውስጥ "አንቱ" እና "እርስዎ" ለምደው የኖሩ አባት አንድ የ20 ዓመት ልጅ "አንተ፣ ና እዚህ ጋ ተቀመጥ" ሲላቸው ሊከፋቸው ይችላል። አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የሚያውቁት ከሆነ በሁለተኛው ቀን እሳቸውም ይወዱታል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ተቀላቅሎ የሚነገርበት ከተማ ስለሆነም ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚችል ሰው ከቡድኑ ውስጥ ቢኖር ትልቅ ጸጋ ነው።

ስጦታ። ገንዘብ አይሆንም። ጋቢ ለአገሩ ሙቀት ባይስማማም ለሽማግሌ ክብር ነው፣ ማርም ጥሩ ነው። ለኃላፊው ብቻ ሳይሆን ቤታቸውን ለከፈቱላችሁ ሰዎችም ያዙ።

እዚያ ስትደርሱ

ገለጻ መቅረቡ አይቀርም። ይሁን፣ በትዕግሥት ስሙ። ሰዎቹ ለፍተውበታል። ግን የተባለው ሁሉ ከተባለ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። "ዛሬ እንደገና ብትጀምሩት ምኑን በሌላ መንገድ ትሠሩት ነበር?" በሕይወቴ በጉብኝት ላይ ከሰማኋቸው ጠቃሚ መልሶች ብዙዎቹ የመጡት ከዚህች ጥያቄ ነው። ሰውየው ወረቀቱን አስቀምጦ ወንበሩ ላይ ይደገፋል፣ ድምፁም ይለወጣል።

የአዳራሹ ሰዓት ካለቀ በኋላ የሚገኘው ሰው አያምልጣችሁ። ግንቡን የገነባው ግንበኛ፣ በዚያ ሌሊት በሥራ ላይ የነበረ ሰው፣ ቀፊራ ላይ የምትሸጥ እናት፣ ባጃጅ ነጂው።

ዘመዳቸውን ያጡ ሰዎች ጋ ስትሄዱ ግን ዝግ በሉ። ያ ሌሊት ለእናንተ ትምህርት ነው፣ ለእነሱ ግን ልጅ ነው፣ እናት ናት። በአገሩ ሰው በኩል አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ከሦስት ሰው በላይ አትሂዱ። ካሜራ አይውጣ። መጀመሪያ "ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጽናችሁ" ወይም "አላህ ይርሐመው" ይባላል፣ ይቀመጣል፣ ዝም ይባላል። ሊናገሩ ከወደዱ ይናገራሉ። ካልወደዱ ቡናውን ጠጥቶ አመስግኖ መነሳት ነው። ከእነሱ የሰማችሁትን ያለ ፈቃዳቸው በስማቸው ሪፖርት ላይ አታውጡ።

ማታ ማታ የቡድኑ ስብሰባ አይቅር። ሰው ይደክመዋል፣ "ነገ እናድርገው" ይላል። ነገ ሌላ ነገር ያያል፣ የዛሬው ይጠፋል። አንድ ሰዓት ይበቃል። ክብ ሆናችሁ እያንዳንዱ ሦስት ነገር ይናገር። ዛሬ ምን አየሁ? ለእኛ የማይሆነው የቱ ነው? ያለ ተጨማሪ በጀት በአንድ ወር ልንጀምረው የምንችለው ምንድን ነው? የመናገር ተራው ከወጣቱ ይጀምር። ከንቲባው ቀድሞ ከተናገረ የሌላው ሰው ሐሳብ የእሱን ተከትሎ ይፈስሳል። ጸሐፊው በዚያው ማታ ቃለ ጉባኤውን ይጻፍ። በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ፎቶና ድምፅ በየጥያቄው ተለይቶ ይቀመጥ።

ስትመለሱ

በሳምንት ውስጥ ሦስት ገጽ ሪፖርት ይውጣ። ከዚያ በላይ ማንም አያነብም። አንደኛው ገጽ የጥያቄዎቹ መልስ ነው። ሁለተኛው ለእኛ የማይሆነውና ምክንያቱ። ሦስተኛው ምን እንሠራለን፣ ማን፣ እስከ መቼ። ሦስተኛው ገጽ ላይ በትንሹ አንድ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ይኑር። ለምሳሌ በየዕድሩ ወንዝ ዳር ያለውን ቤት ሁሉ መመዝገብ፣ አቅመ ደካማው የት እንዳለ፣ ሌሊት ማን ይዞት እንደሚወጣ መወሰን። ይህን ለመጀመር ጨረታ አያስፈልግም።

ከዚያ ሁሉም በፈረመው መሠረት ወደ ዕድሩ፣ ወደ ማኅበሩ፣ ወደ መስጊዱና ወደ ሰበካው ሄዶ ይናገር። ከንቲባው ለምክር ቤት፣ የወንዝ ዳሩ ሰው ለጎረቤቶቹ። ለሰዉ ጊዜ ስጡት፣ ይጠይቃችሁ። የእኔዋ እናት ዓይነት ጥያቄ ከመጣ አሁን መልስ አላችሁ።

ለአስተናጋጆቹ የምስጋና ደብዳቤ በአሥር ቀን ውስጥ ይድረስ፣ ሪፖርቱም አብሮ ይሂድ። ስለ እነሱ የጻፋችሁት ስህተት ካለ ያርሟችኋል። ከሦስት ወር በኋላ ያው ቡድን አንድ ከሰዓት ይሰብሰብና ሦስተኛውን ገጽ ያንብብ። የቱ ተሠራ፣ የቱ ቀረ፣ ለምን?

በመጨረሻም ጥሯቸው። ድሬዎች ደሴ ይምጡ። ሲመጡ ቦርከናን አሳዩአቸው፣ ጦሳን አውጧቸው፣ ከእነሱ ወስዳችሁ የሞከራችሁትን፣ ያልተሳካላችሁንም ጭምር አሳዩ። የክርስቲያኑንና የሙስሊሙን ቁጥር ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ጋቢም አዘጋጁላቸው፤ ለእነሱ ደግሞ ደሴ ትበርዳቸዋለች።